ከአዳማ እስከ ሳነቴ በብስክሌት፦ ለዳገትና ለከፍታ የመዘጋጃ መመሪያ

ለብዙ ቀን የብስክሌት ጉዞ የሚዘጋጅ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ነው። በደጋ መንገድ ላይ ግን ቀናችሁን የሚወስነው ርቀቱ ሳይሆን ሽቅብ የምትወጡት ሜትር ነው። ሜዳ ላይ 80 ኪሎ ሜትር ከምሳ ሰዓት በፊት ያልቃል። በዚያው 80 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,200 ሜትር አቀበት ካለ ግን ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ጉልበታችሁን ሳትቆጥቡ ከወጣችሁት ደግሞ የማግስቱንም ጉዞ ያበላሻል። ብርቱ የሚባሉ ብስክሌተኞች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከመንገድ ሲቀሩ የምናየው ለዚህ ነው። አቅም አንሷቸው አይደለም፤ የነበራቸውን አቅም በመጀመሪያው ቀን ዳገት ላይ ስለጨረሱት ነው።

መመሪያውን የማስረዳው በአንድ መንገድ ነው፦ ከአዳማ ተነሥቶ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላና በዲንሾ አድርጎ ባሌ ጎባ በሚደርሰውና ከዚያ በባሌ ተራሮች ላይ ወዳለው ሳነቴ አምባ በሚወጣው። ይህ መንገድ ከ1,700 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ከ4,000 ሜትር በላይ ያደርሳል። ስለዚህ ለዳገትም ለከፍታም የሚያስፈልገው ዝግጅት ሁሉ እዚህ ይፈተናል። የምትሄዱት ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ጨንቻ ቢሆንም ስሌቱ ያው ነው።

1. መንገዱን በሜትር ቁጠሩት

ወረቀት አውጡና የምታድሩባቸውን ከተሞች ከነከፍታቸው ጻፉ። የዚህ መንገድ ይህን ይመስላል፦

አዳማ፦ 1,700 ሜትር ገደማ
አሰላ፦ 2,430 ሜትር፤ ከአዳማ 75 ኪሎ ሜትር
በቆጂ፦ 2,810 ሜትር፤ ከአሰላ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ
ዶዶላ፦ 2,400 ሜትር ገደማ፤ ከበቆጂ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ
ዲንሾ፦ ከ3,000 ሜትር በላይ፤ ከዶዶላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ
ጎባ፦ 2,740 ሜትር ገደማ፤ ከዲንሾ በሮቤ በኩል 45 ኪሎ ሜትር ገደማ
ሳነቴ አምባ፦ ከ4,000 ሜትር በላይ፤ ከጎባ በጠጠር መንገድ ደርሶ መልስ

መነሻውን አዳማ ያደረግሁት ከአዲስ አበባ የሚመጣው የፍጥነት መንገድ ለብስክሌት ስለማይፈቀድ ነው። አሮጌው መንገድ ደግሞ በከባድ መኪና የተጨናነቀ ስለሆነ ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ አዳማ መድረስ ይሻላል።

አሁን ለእያንዳንዱ ቀን ሰዓት አስሉ። ዕቃ የጫነ፣ በመጠኑ የሠለጠነ ሰው ሜዳ ላይ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለን እንነሣ። በዚህ ፍጥነት የሚወስደውን ሰዓት ካገኛችሁ በኋላ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር አቀበት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጨምሩ። ከአዳማ አሰላ በከተሞቹ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ብቻ ከ700 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ አዋሽን ለመሻገር ወረድ ስለሚልና መሀል ላይም ወጣ ገባ ስላለው፣ በእግራችሁ የምትወጡት ድምር ወደ 1,000 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። 75 ኪሎ ሜትር በ18 ሲካፈል አራት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ለአቀበቱ ሁለት ሰዓት፣ ለምግብና ለዕረፍት አንድ ሰዓት ተኩል ጨምሩበት፤ ወደ ስምንት ሰዓት ይጠጋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል የተነሣ ሰው አሰላ የሚገባው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው ማለት ነው። በዚህ ስሌት 3 ሰዓት ላይ ከአዳማ ብትነሡ አሰላ የምትገቡት 11 ሰዓት ገደማ ነው፤ ጥቂት ከዘገያችሁ መንገድ ላይ ይመሽባችኋል። በጨለማ በዚህ መንገድ ብስክሌት መንዳት ደግሞ ፈጽሞ የማልመክረው ነገር ነው።

የመንገዱን ቅርጽ አስቀድሞ ለማየት ስትራቫ፣ ኮሞት ወይም ራይድ ዊዝ ጂፒኤስ በተባሉት መተግበሪያዎች ላይ መስመሩን ሥሩት፤ የከፍታውን ሥዕል ያወጡላችኋል። ሥዕሉ ላይ ከድምሩ ይልቅ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ረጅሙ ያልተቋረጠ ዳገት የት ይጀምራል፣ የቀኑስ የመጨረሻ 10 ኪሎ ሜትር ወዴት ያዘነብላል? ቀኑን በዳገት የሚጨርስ መንገድ ለብቻው የተቀመጠ ውሃና ምግብ ይፈልጋል። ተዳፋቱን በራሳችሁም ማስላት ትችላላችሁ፤ በ10 ኪሎ ሜትር 500 ሜትር የሚወጣ መንገድ 5 ከመቶ ነው። ነገር ግን አማካይ ቁጥር ያታልላል። 5 ከመቶ የተባለ ዳገት ውስጥ 10 ከመቶ የሆነ ኩርባና አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ሜዳ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ሥዕሉን ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ያዙ፤ ኔትወርክ በማይኖርበት ቦታ ያስፈልጋችኋል።

2. ማርሹን ለደከማችሁበት ሰዓት ምረጡ

በዝግጅቱ ሁሉ ውስጥ ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ እዚህ ላይ አውጡ። ብዙ የመንገድ ብስክሌት የሚሸጠው ለውድድር ታስቦ ነው፤ ትንሹ ማርሽ ራሱ ዕቃ ለጫነ ሰው ይከብዳል። መመዘኛው ቀላል ነው። የፊተኛውን ትንሹን ማርሽ የጥርስ ብዛት ለኋለኛው ትልቁ ማርሽ የጥርስ ብዛት አካፍሉት። መልሱ 1 ወይም ከ1 በታች ከሆነ ለዳገት ተዘጋጅታችኋል። ፊት 34፣ ኋላ 34 ቢሆን 1 ይመጣል፤ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ስታዞሩ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ ማለት ነው። ፊት 34፣ ኋላ 28 ከሆነ ግን ያንኑ ዙር ለመጠበቅ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር መሄድ አለባችሁ። 8 ከመቶ ዳገት ላይ ዕቃ ጭኖ 9 ኪሎ ሜትር የሚችለው ሰው ጥቂት ነው። ያልቻለው ዙሩ ወደ 40 ይወርድበታል፤ ያን ጊዜ ጭነቱ ከሳንባ ወደ ጉልበት መገጣጠሚያ ይዛወራል። ጉልበት አንዴ ማመም ከጀመረ ደግሞ ጉዞው እስኪያልቅ አይለቅም።

ሦስት የፊት ማርሽ ያለው የተራራ ብስክሌት ካላችሁ አትናቁት። ፊት 22፣ ኋላ 34 የሆነ አሮጌ ብስክሌት ለሳነቴ ጠጠር ከአዲስና ቀላል የውድድር ብስክሌት ይበልጣል። ጎማውም ከ40 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይሁን።

ማርሹን ስታስተካክሉ አንድ ነገር በዓይናችሁ እዩ። የኋለኛውን ቸርኬ ከመሬት አንሥታችሁ ፔዳሉን በእጅ እያዞራችሁ ካቴናውን ወደ ትልቁ የኋላ ማርሽ ላኩት። ካቴናውን የሚመራው ክንድ ወደ ራጂዎቹ (ወደ ቸርኬው ቀጫጭን ሽቦዎች) ምን ያህል እንደሚጠጋ ተመልከቱ፤ ትንሽ ብርሃን መታየት አለበት። የሚነካ ከሆነ የመገደቢያዋን ብሎን ጠበቅ አድርጉ። ከዚያ ዕቃውን ሁሉ ጭናችሁ እውነተኛ ዳገት ላይ ያንኑ ድገሙት። ባዶውን ጤነኛ የሆነ ብስክሌት ዕቃ ሲጫንበትና በኃይል ሲረገጥ ቸርኬው ይንሸዋረራል፤ ካቴናው ከጥርሱ አልፎ ራጂ ውስጥ ከገባ ጉዞው እዚያው ያበቃል። ይህን ሰፈራችሁ ያለው ዳገት ላይ ማወቁ ይሻላል።

3. ክብደቱን ቀንሱ፣ ግን ልብስ ላይ አትቆጥቡ

ዳገት ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ከእናንተ ጋር ይወጣል። ዕቃችሁን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ መዝኑት፤ ከብስክሌቱ ውጭ 10 ኪሎ ቢሆን ጥሩ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የማደሪያ ከተሞች ስላሉ ድንኳንና ማብሰያ መሸከም አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚወጣው ሁለተኛው ሱሪ፣ ትልቁ ፎጣና ሙሉ ጠርሙስ ሻምፑ ነው።

የማይቀነሱት እነዚህ ናቸው፦ ዝናብና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ወፈር ያለ ሹራብ፣ ሙሉ ጓንት፣ ከራስ ቁር ሥር የሚገባ ቆብ፣ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ ፖምፓ፣ ትርፍ የፍሬን ጎማ፣ የካቴና ማያያዣ፣ የካቴና ዘይት። ጎሚስታ በየከተማው ታገኛላችሁ፤ ለብስክሌታችሁ ልክ የሚሆን ካላማዳሪያ ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ክብደቱ ከኋላ ብቻ ከሆነ ዳገት ላይ የፊት ጎማው ቀልሎ መሪው ይዋዥቃል፤ ስለዚህ ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ጥቂቱንም ወደ ፊት አምጡ።

4. ስምንት ሳምንት ተለማመዱ

አዲስ አበባ ያለ ሰው ዕድለኛ ነው። ከተማው ራሱ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእንጦጦ መንገድ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ያደርሳል። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ የሚወጣውን ዳገት የለመደ እግር አርሲ ላይ አይደነግጥም።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት በቀላል ማርሽ ንዱ። እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፤ ልብና ሳንባ ቶሎ ይላመዳሉ፣ ጅማትና ጉልበት ግን ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ካሉት ቀኖች አንዱን ለዳገት ስጡት። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ የሚወስድ ዳገት ምረጡና አራት ጊዜ ውጡት፤ ስትወርዱ እረፉ። ልኩ ይህ ነው፦ አራተኛው ዙር የሚወስደው ጊዜ ከመጀመሪያው ጋር እኩል መሆን አለበት። አራተኛው በሁለት ደቂቃ ከዘገየ መጀመሪያውን አብዝታችሁታል። የምትለማመዱት ፍጥነት አይደለም፤ ልክን ማወቅ ነው።

ሰባተኛው ሳምንት ዋናው ነው። ለጉዞው የምትይዙትን ዕቃ ሁሉ ጭናችሁ ሁለት ቀን ተከታትላችሁ ንዱ፤ ቅዳሜ ረጅሙን፣ እሑድ ዳገታሙን። ከአዲስ አበባ በእንጦጦ በኩል ሱሉልታ ደርሶ መመለስ ለአንዱ ቀን ይበቃል። የብዙ ቀን ጉዞ ከአንድ ቀን ጉዞ የሚለየው በደከመ እግር መነሣት ስላለበት ነው፤ ኮርቻው ቂጣችሁን የሚያሳምም ከሆነም እሑድ ጠዋት ይነግራችኋል። በስምንተኛው ሳምንት ግማሹን ብቻ ንዱና እረፉ።

በውጭ አገር ሆናችሁ ለዕረፍት መጥታችሁ ይህን ጉዞ ለማድረግ የምታስቡም ልምምዱን እዚያው መጀመር ትችላላችሁ። በዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ የሸናንዶዋ ስካይላይን ድራይቭ፣ በኤምሬትስ ላላችሁ የአል ዐይኑ ጀበል ሐፊት፣ በእስራኤል ላላችሁ ከሜዳው ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣው መንገድ ለእግር በቂ ነው። ዳገት የሌለበት ከተማ የምትኖሩ ከነፋስ በተቃራኒ ከበድ ባለ ማርሽ ለረጅም ሰዓት ንዱ። ይህ ሁሉ ግን እግርን እንጂ ከፍታን አያለማምድም። እዚያ ላይ የሚያስፈልገውን በ7ኛው ክፍል እነግራችኋለሁ።

5. ዳገቱ ላይ እንዴት ትወጣላችሁ

ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ቀይሩ። እግራችሁ ከተጨነቀ በኋላ የምትቀይሩት ከሆነ ካቴናው በጭነት ስለሚዘል ሊበጠስ ይችላል።

የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ሆን ብላችሁ ከምትችሉት ዝቅ አድርጋችሁ ውጡ። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። ሁለት ሁለት ቃል ብቻ እየወጣ ከሆነ ቀንሱ። ማርሽ ካለቀባችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ ፍጥነት ካለቀባችሁ ወርዳችሁ ግፉ። መግፋት ነውር አይደለም፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየገፉ መሄድ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር እየተንገታገቱ ከመንዳት ብዙም አይዘገይም፣ ለእግር ግን ዕረፍት ነው።

ትከሻችሁን ልቀቁት። እጃችሁ መሪውን ጨብጦ ከያዘ ጥርሳችሁም ተነክሷል፣ እስትንፋሳችሁም አጥሯል ማለት ነው። አውራ ጣታችሁንና አመልካች ጣታችሁን ብቻ መሪው ላይ አሳርፋችሁ ሌሎቹን ዘርጉ፤ ክንዳችሁ ወዲያው ይላላል። በየአምስት ደቂቃው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ከኮርቻው ተነሥታችሁ ርገጡ። ይህ ጀርባን ያሳርፋል፤ ከዚያ በላይ ከቆያችሁ ግን የልብ ምታችሁ ይጨምራል።

ብዙ ሆናችሁ ከሆነ ዳገት ላይ አብሮ መሄድን ተዉት። ሰው ሁሉ በራሱ ልክ ይውጣ፤ ጫፉ ላይ ተገናኙ። ከእሱ በሚፈጥን ጓደኛው ኋላ ተለጥፎ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ይከፍለዋል። ከአሰላ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ደግሞ እናንተ ላብ በላብ ሆናችሁ ስትወጡ በሩጫ የሚያልፏችሁ ልጆች ታገኙ ይሆናል። አሰላ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ በቆጂ የደራርቱ ቱሉ፣ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ አገር ነው። ሰላም በሏቸው እንጂ አትከተሏቸው።

6. ሳይርባችሁ ብሉ

ከአንድ ሰዓት በላይ ሽቅብ የሚወጣ ሰው በየሰዓቱ ከምግብ የሚገኝ ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር (ካርቦሃይድሬት) ያስፈልገዋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል ይሰጣል፤ አንድ ጭብጥ በሶ ከማር ጋር ወደ 40 ይጠጋል። የታሸገ የስፖርት ምግብ ማሳደድ አያስፈልግም፤ የምታልፉበት አገር ገብስና ስንዴ የሚያበቅል ነው። ጭኮ ካገኛችሁ ግዙ። በቅመም ቅቤ የታሸ የተቆላ ገብስ ስለሆነ ትንሹ ብዙ ያቆያል። ነገር ግን ቅቤው ለመፈጨት ጊዜ ስለሚወስድ ዳገቱ መሀል ሳይሆን ጠዋት ከመነሣታችሁ ወይም ማታ ብሉት። ዳገት ላይ ሙዝ፣ ቴምር፣ ማር የተቀባ ዳቦ፣ በሶ በብርጭቆ።

ሰዓታችሁን በየ30 ደቂቃ እንዲጮኽ አድርጉና በጮኸ ቁጥር ጉረሱ። ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንስ ሆዳችሁ እስኪጠይቃችሁ ብትጠብቁ ይዘገያል። ውሃ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር ይበቃል። የደጋው ብርድ ጥማትን ይደብቃል፤ ሽንታችሁ ጠቆር ካለ ውሃ አንሷችኋል። ለረጅሙ ዳገት ቢያንስ ሁለት ሊትር ይዛችሁ ግቡ፣ በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ጨውና ስኳር ወይም ኦ አር ኤስ በጥብጡበት። ውሃ ስታጡ «ቢሻን» ብላችሁ ጠይቁ፤ አርሲና ባሌ ውስጥ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ የሚጀምር እንግዳ በር አይዘጋበትም።

ማታ ትኩስና ብዙ ብሉ። ጾም ከሆነ ሽሮና ምስር ከእንጀራ ጋር፣ ፓስታና ድንች በደንብ ይተኩታል። በጾም ሰሞን ችግር የሚሆነው ጠዋት ሳይበሉ መነሣት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ይህን ጉዞ በሌላ ጊዜ ቢያደርገው እመርጣለሁ።

7. ከፍታውን አክብሩት

4,000 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ እስትንፋስ የምታገኙት ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው 60 ከመቶ ያህሉ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሦስት አራተኛው ይደርሳል። ስለዚህ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ደሴ የሚኖር ሰው ግማሹን መንገድ ተላምዶ ነው የሚጀምረው። ለዓመታት በባሕር ዳርቻ ከተማ የኖረ የደጋ ተወላጅ ግን በትውልዱ አይተማመን። ሰውነት መላመዱን በሳምንታት ውስጥ ይረሳል። ከውጭ የመጣችሁ ሁሉ ከመነሣታችሁ በፊት ቢያንስ አራት አምስት ቀን አዲስ አበባ ወይም አሰላ ቆዩ፤ በእነዚያ ቀኖች ቀለል ያለ መንዳት ይበቃል።

የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር ገደማ ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። ዋናው ደንብ ስለምትደርሱበት ሳይሆን ስለምትተኙበት ከፍታ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የመኝታችሁን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አታሳድጉ። በዚህ መንገድ ላይ የሚያሳስበው ሌሊት ዲንሾ ነው፤ ከዶዶላ በአንድ ቀን ወደ 700 ሜትር ያህል ትወጣላችሁ። ለለመደ ሰው፣ በተለይ በቆጂ ላይ 2,800 ሜትር ተኝቶ ለመጣ፣ አያስቸግርም። ከባሕር ወለል የመጣ ሰው ግን በቆጂ ላይ ሁለት ሌሊት ይደር፣ የዲንሾውንም ቀን ከዶዶላ ቀጥሎ ባለችው አዳባ ላይ ለሁለት ይክፈለው። ዲንሾ አድሮ ወደ ጎባ መውረዱ በራሱ ጥሩ ነው፤ ከፍ ብሎ ቆይቶ ዝቅ ብሎ መተኛት ሰውነትን ያለማምዳል። ጎባ ላይ አንድ ሙሉ ቀን እረፉ።

ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከማዞር ወይም ከእንቅልፍ እጦት ጋር ከመጣ ዕረፉ፣ ውሃ ጠጡ፣ እስኪለቃችሁ ድረስ ከፍ አትበሉ። ተቀምጦ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚያስለው፣ እንደ ሰከረ ሰው የሚንገዳገድ ወይም ግራ የሚጋባ ሰው ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ታች አውርዱትና ሐኪም ጋ አድርሱት። እስኪነጋ እንይ አይባልም። ለመከላከል የሚታዘዝ አሴታዞላሚድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ስለ መድኃኒቱም ስለ ጉዞውም አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። መጠጥና የእንቅልፍ ክኒን በእነዚህ ሌሊቶች አይነኩም።

8. ወቅትና ደኅንነት

ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ይመረጣል። ባሌ በክረምት ብቻ ሳይሆን በበልግም ይዘንባል፤ የሳነቴ መንገድ በዝናብ ጭቃ ይሆናል። ደረቁ ወቅት ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ አምባው ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የቀኑ ፀሐይ ቆዳ ያቃጥላል፤ አፍንጫና ጆሮ ላይ ቅባት ተቀቡ።

የየአካባቢው ጸጥታ በየሳምንቱ ሊለዋወጥ ይችላል። ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ሳምንት እዚያ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ፣ የመንገዱን ሹፌሮችና የወረዳውን ፖሊስ ጠይቁ። በየማደሪያችሁም ለቀጣዩ ቀን እንደገና ጠይቁ። «ቆዩ» ከተባላችሁ ቆዩ።

9. ቁልቁለቱን እንደ ዳገቱ ተዘጋጁለት

ዳገት ያደክማል፤ አጥንት የሚሰብረው ግን ቁልቁለት ነው። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ላባችሁ ሳይደርቅ፣ ገና ሳይበርዳችሁ ጃኬቱን ልበሱ፤ ብርዱ ከተሰማችሁ በኋላ ጣታችሁ ፍሬን ለመያዝም ይዝላል። ጃኬት የረሳ ሰው ከሸሚዙ ሥር ደረቱ ላይ ጋዜጣ ያድርግ፤ ነፋሱን በደንብ ያግዳል።

ፍሬኑን ያለማቋረጥ ይዛችሁ አትውረዱ። ቸርኬው ይግልና ካላማዳሪያው ሊፈነዳ ይችላል። ኩርባው ከመድረሱ በፊት ቀጥታው ላይ ሁለቱንም ፍሬን ጠበቅ አድርጋችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ከዚያ ልቀቁ፣ ኩርባው ውስጥ አትያዙ። ጠጠር ላይ የፊቱን ፍሬን በጣም ቀስ አድርጉ። የፍሬን ጎማውን ጠዋት ጠዋት እዩት፤ ጎድጎዶቹ ከጠፉ ቀይሩት። ከመንደር አቅራቢያ አህያ፣ ከብትና ጋሪ መሀል መንገድ ላይ እንዳሉ አድርጋችሁ አስቡ። ከኩርባው ማዶ አይሱዙ እየመጣ ይሆናል፤ ቀኛችሁን አትልቀቁ።

10. የሳነቴው ቀን

ለዚህ ቀን ሻንጣውን ጎባ ተዉት። ምግብ፣ ሦስት ሊትር ውሃ፣ መለጠፊያና ያላችሁን ልብስ ሁሉ ብቻ ያዙ። ሳነቴ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሆነ ፈቃዱን ከሁለት ቀን በፊት ዲንሾ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጨርሱ፤ ብስክሌት እንደያዛችሁ ንገሯቸውና የሚሏችሁን ስሙ።

ከጎባ ከ1,200 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። መጀመሪያ ላይ መንገዱ በዛፍ መካከል ነው፤ ከዚያ ቁጥቋጦው እያጠረ ይሄድና ጅብራው ብቻ ቆሞ ይቀራል። ጎማውን ትንሽ አስተንፍሱት፤ ጠጠሩን የበለጠ ይይዛል። በየ30 ደቂቃው ቁሙ፣ እየበላችሁ እርስ በርሳችሁ ተያዩ፦ የሚያዛጋ፣ የሚቆጣ ወይም ዝም ያለ ሰው አለ? አምባው ላይ ከደረሳችሁ በኋላ መንገዱ ሜዳ ይመስላል፣ ሆኖም ትንሿ ጉብታ እንኳ እስትንፋስ ታስቆማለች፤ ሜዳ ላይ የምትጠቀሙበትን ማርሽ እዚያ አትሞክሩት። ቀይ ቀበሮ ካያችሁ ከመንገዱ አትውጡ፣ ምግብም አትጣሉ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖሩት እዚሁ ባሌ ውስጥ ነው። የባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። እስከ ጫፉ የሚወጣ ጠጠር መንገድ አለ፣ ግን ቁልቁል የምትመለሱበትን ጉልበት ቆጥራችሁ ነው የምትወስኑት።

የመመለሻ ሰዓት ጎባ ላይ እያላችሁ ወስኑ። እኔ ከቀኑ 7 ሰዓት እላለሁ፤ የትም ብትደርሱ 7 ሰዓት ላይ ፊታችሁን ወደ ጎባ አዙሩ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲወርድ ብርዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል።

ወደ ጎባ ከመመለስ ይልቅ ዕቃቸውን ይዘው በሪራና በሐረና ጫካ አድርገው ወደ ደሎ መና መውረድ የሚፈልጉ አሉ። ይህ የሚሆነው አምባውን ለማለፍ በቂ ቀን ላላቸውና ሪራ ለማደር ላሰቡ ነው። ከ4,000 ሜትር ወደ 1,300 ሜትር ገደማ የሚያወርድ መንገድ ስለሆነ በሁለት ቀን ተካፍሎ ይወረዳል፤ አዲስ የፍሬን ጎማ ጎባ ላይ ግጠሙ፣ ሌላ ጥንድም ቦርሳ ውስጥ ያዙ።